አንድ ደንበኛ፣ አንድ ክፍል

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። እኔ ጤፍ አልተበደርኩም፤ ቢሮ ቀየርኩ። ቡታጅራ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ያልጠፋበትን በረንዳ ትቼ፣ ሰው የማይወጣበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልገፋኝም። እንዲያውም የሚከለክለኝ ሰው ነበረኝ፤ እሱን አልሰማሁም።

ሥራችን ማመልከቻ፣ ክስ፣ የክስ መልስና ውል መጻፍ ነው። ታፔላው «አዛለች የጽሕፈት አገልግሎት» ይላል፤ አዛለች እኔ ነኝ። ጸሐፊው ግን እኔ አይደለሁም። ጸሐፊው ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው። አባቴ ከደብረ ማርቆስ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተመድቦ ወደዚህ ሲመጣ አብረውት በችሎት ጸሐፊነት መጥተው፣ እንደሱው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴ ሲሞት እሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር፤ እኔ ቤት ተከራየሁ፣ እሳቸው ብዕራቸውን ይዘው መጡ። አገሩ እንዲህ ያለውን ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለዋል። ሦስተኛዋ ፈቲሀ ናት፤ ጋሽ ሀብተወልድ በእጅ የጻፉትን በኮምፒውተር ትለቅማለች፣ ታትማለች።

በረንዳው ላይ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር ነበረ። በገበያ ቀን አሥራ አራት ሰው ይቀመጥበት ነበር። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጋሽ ሀብተወልድ ይጽፋሉ፣ ፈቲሀ ታትማለች። ከዚያ ባለጉዳዩ ጣቱን በቀለም ቀብቶ ከመፈረሙ በፊት ጋሽ ሀብተወልድ ብድግ ብለው መነጽራቸውን ያስተካክሉና ከአናት እስከ ግርጌ ጮክ ብለው ያነባሉ። አግዳሚው ሁሉ ያዳምጣል። ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ሳይቀር አፉን ያስገባል።

«ቆይ ጋሼ፣ ሁለት በሬ አይደለም፤ በሬና ጊደር ነው።»

«አባትየው የሞቱት በጥቅምት ነው እንዴ? ለቀብር የሄድነው በመስከረም አይደል?»

ጋሽ ሀብተወልድ ይሰርዛሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ፈቲሀ ደግማ ታትማለች። አማርኛ የማይሆንለት ሰው ሲመጣ ስልጤኛውን የሚያውቅ ከስልጤው፣ ማረቆኛውን የሚያውቅ ከማረቆው ተነሥቶ ያስተረጉማል። አንዳንዴ ከሳሽም ተከሳሽም እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ ክስ ሲነበብ ሌላው ይሰማል፤ የሱም መልስ ሲነበብ ያኛው ይሰማል። ጋሽ ሀብተወልድ ለሁለቱም ይጽፋሉ፤ ማንም «አዳላህ» ብሏቸው አያውቅም። ሲነበብ ሁሉም ሰምቷላ። እዚያው ታርቀው የእርቅ ስምምነት ያስጻፉንም ብዙ ናቸው።

እኔ ግን በዚያ በረንዳ አፍር ነበር። እውነቱን ልናገር። ጭቃው፣ ጫጫታው፣ ጉዳይ ሳይኖረው የሰው ጉዳይ ሊሰማ ቆሎ ይዞ የሚመጣው ሽማግሌ። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «የቢሮ ሥራ» እል ነበር፤ «የት ነው ቢሮሽ?» እንዳይለኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ወልቂጤ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና አለ ተባልኩና ሄድኩ። አገልግሎት ለሚሰጡ ነጋዴዎች ነው፤ ርዕሱ የሥራ ቦታ አደረጃጀትና የንግድ ስኬት። አሠልጣኙ አምሀ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ፣ ሲናገር እጁን የማያወናጭፍ ልጅ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ፎቶ እያሳየ «ከዚህ በፊት» እና «ከዚህ በኋላ» ይላል። «ከዚህ በፊት» የሚለው ሁሉ የኔን በረንዳ ይመስላል። «ደንበኛ ገና ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ ዋጋችሁን ይተምናል» አለ። «ምሥጢር በሌለበት እምነት የለም» አለ። ይቺን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

አታላይ አልነበረም፤ እሱን ማማት አልፈልግም። የሚናገረው ለሐኪም፣ ለጠበቃ፣ ለባንክ እውነት ነው። የኔን ሰዎች አያውቃቸውም። የማውቃቸው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሆሳዕና ሲያልፍ ቡታጅራ ወረደልኝ። የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ ቆመው እያነበቡ፣ ሰው ግራና ቀኝ እያረመ፣ አንዲት ሴትዮ በመሃል እያለቀሰች። አምሀ ትንሽ ቆሞ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እትዬ አዛለች፣ ይሄ እኮ ቢሮ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ነው።»

ከትከት ብዬ ሳቅሁ። ጋሽ ሀብተወልድ ንባባቸውን አቋርጠው አዩኝ። የተባለውን ሰምተዋል። ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ያን ሳቅ ዛሬ ብመልሰው ምን ነበረበት።

በማግስቱ ሐሳቤን ነገርኳቸው። አዲሱ ሕንፃ ላይ ሦስት ክፍል አለ፣ በመስታወት ይከፈላል፣ ደንበኛ በተራ ይገባል፣ ጉዳዩን በምሥጢር ይናገራል አልኳቸው። ፈቲሀ ደስ አላት፤ አቧራው ኮምፒውተሯን አስመርሯት ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ ብዕራቸውን ከደኑ።

«አዛሉ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ዓይኑ የጎረቤቱ ጆሮ ነው» አሉኝ። «ጆሮውን በር ላይ አስቀርተሽ እሱን ብቻውን ብታስገቢው፣ ዕውር አድርገሽ አስገባሽው ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ዘመኑ ተቀይሯል።»

«ዘመኑ ተቀየረ ማለት ሰዉ ፊደል ቆጠረ ማለት ነው?»

የአዲሱን ቢሮ ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ውሉን ፈርሜ መጥቻለሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። በረንዳውን ለባለቤቱ በመለስኩ በአምስተኛው ቀን የስልክ መሸፈኛ ሻጭ ተከራየውና ፊቱን በቆርቆሮ መዝጊያ ዘጋው።

አዲሱ ቢሮ ያምር ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ የሚሰምጥ ወንበር፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ። በሩ ላይ በትልቁ አሳትሜ የለጠፍኩት «አንድ ደንበኛ፣ አንድ ክፍል» ይላል። ጋሽ ሀብተወልድንም «እባክዎን ቀስ ብለው ያንብቡ፣ ድምፅዎ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል» አልኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ችሎት ፊት ያነበበ ድምፅ ነው። እሺ አሉኝና ከዚያ ወዲያ ለራሱ ለባለጉዳዩ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ያነቡ ጀመር።

መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች እየመጡ «አሁን ገና ሰው ሆናችሁ!» አሉን። አመሰገንን። ግን እነሱ ማመልከቻቸውን በስልካቸው ጽፈው ለማሳተም ብቻ ነው የሚመጡት። የኛን እንጀራ የሚያበስለው ገበሬው ነው፤ ገበሬው ደረጃው ሥር ጫማውን እያወለቀ ይወጣል። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጥንድ ጭቃ የነካው ጫማ ደረጃው ሥር ተደርድሮ አገኘሁና ሳቄ መጣ። ከወር በኋላ የሚያስቅ ጫማ አልነበረም።

«እትዬ» አለችኝ ፈቲሀ አንድ ቀን በመስኮት ቁልቁል እያየች፣ «ሰዉ እኛ የጻፍንለትን እዚህ ታች ቆሞ ተማሪ እያስነበበ ነው።»

«ይለምዱታል» አልኳት።

ሰይዶ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከቆሼ ወዲያ ያለ በርበሬ አምራች ነው፤ ያቺን የበርበሬ መሬት ይዞ አምስት ልጅ ያሳድጋል። ጎረቤቱ ጀማሉ ከድንበሩ ግራር በስተ ምዕራብ እስከ ገደሉ ያለውን ቁራሽ «የኔ ነው» ብሎ አርሶበታል። ሰይዶ ማረቆኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛው ገበያ ላይ ሒሳብ ለመነጋገር ይበቃል እንጂ ለፍርድ ቤት አይበቃም። ይህን ስለሚያውቅ የአጎቱን ልጅ ሙዝደሊፋን ይዞ መጣ። በር ላይ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ።

«ባለጉዳዩ ማነው?» አልኩ።

«እሱ ነው። እኔ አብሬው ልግባ፣ ላስተርጉምለት» አለ ሙዝደሊፋ።

«አይቻልም። አንድ ደንበኛ፣ አንድ ክፍል። እዚህ ተቀመጥ።»

«እሱ እኮ አማርኛ...»

«ወንድሜ፣ ሕግ ነው» አልኩት። የምን ሕግ! እኔው ያሳተምኩት ወረቀት።

ሰይዶ ብቻውን ገባ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጣቱን እየጠረገ ወጣ። በዚያው ቀን ከሰዓት ጀማሉ መጣና እሱም ስለ ሌላ ጉዳይ፣ ስለ ሚስቱ የውርስ ነገር፣ ማመልከቻ አስጻፈ። ሲወጣ በራችን ላይ ከሰይዶ ጋር ተያዩ፤ ሰይዶ ረስቶ የወሰደውን የተራ ቁጥር ካርድ ሊመልስ መጥቶ ነበር። በረንዳው ላይ ቢሆን ጀማሉ ምን እንዳስጻፈ አግዳሚው ሁሉ ይሰማ ነበር። እዚህ ግን ሰይዶ ያየው የተዘጋ በርና ከዚያ በር የሚወጣ ባላጋራውን ነው።

ፍርዱ በወሩ ወጣ። ሰይዶ ተረታ። ምስክሮቹ የተናገሩትና በክሱ ላይ የተጻፈው አይገናኝም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። በማግስቱ ሕንፃችን ሥር ቆሞ ጮኸ።

«ሀብተወልድ ሸጠኝ! በር ዘግቶ ለኔ ጻፈ፣ በር ዘግቶ ለጀማሉ ጻፈ! ማን ሰማ? ማን አየ?»

ሰው ተሰበሰበ። ማንም «ውሸት ነው» አላለም። በረንዳው ላይ ቢሆን አሥር ሰው «እኔ ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው የጻፉልህ» ይል ነበር። አሁን ማንም አልሰማም፤ ያልሰሙትን ደግሞ ምን ብለው ይመስክሩ? ጋሽ ሀብተወልድ መስኮቱ ጋ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ቆሼ እንሂድ» አሉኝ በዚያው ቀን። «ቅጂው እጄ ላይ ነው። ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ላንብብላቸው። አሁኑኑ።»

«ጋሼ፣ ቢሮ አለን» አልኳቸው። «ቅሬታ ያለው ሰው እዚህ መጥቶ ያቅርብ። ስም ለማጥራት በየገበሬው ደጃፍ አንዞርም።» ይሄንንም ከሥልጠናው ነው ያመጣሁት፤ «ደንበኛ ወደ እናንተ ይምጣ እንጂ እናንተ ደንበኛ አታሳድዱ» የሚል ነገር ነበረ። ይህን ስል ደግሞ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል፤ ሲያልቅ አያምር። መጀመሪያ የማረቆ ሰው ቀረ፣ ከዚያ የመስቃኑ፣ ከዚያ የስልጤው። በገበያ ቀን ሦስት ሰው፣ ሁለት ሰው። በሩን ክፍት አደረግሁ፣ የለጠፍኩትን ቀደድኩ፣ መስታወቱን አስነቀልኩ፤ ወሬው ቀድሞኝ ሄዷል። አግዳሚውን ኮሪደር ላይ ባስቀምጥ የሕንፃው ጥበቃ መተላለፊያ ዘጋሽ አለኝ። ሕንፃው ሥር የእግረኛ መንገድ ላይ ባወርደው ደንብ አስከባሪ አነሣው። የስልክ ሻጩን «በረንዳዬን ልቀቅልኝ» ብዬ ለመንኩት፤ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሻይ ጋበዘኝ፣ አልለቅም አለኝ። ፈቲሀ ዝም ብላ ወር ጠበቀች፣ ሁለት ወር ጠበቀች፣ በሦስተኛው «እትዬ፣ አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብላኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ገባች። አልፈረድኩባትም።

ጋሽ ሀብተወልድ ግን በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጡ ነበር። ይቀመጣሉ፣ ብዕር ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ስማቸውን ይዘው የኖሩ ሰው፣ ጎዳና ላይ ሰላምታ የሚሰጣቸው እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጠዋት «አዛሉ፣ ሥራው ይቅር። ስሜን ግን ሳላነሣ አልሞትም» አሉኝ። ሌላ የምሰጣቸው ስላልነበረኝ እሺ አልኩ።

ሚኒባስ ተሳፍረን ቆሼ ወረድንና ሰይዶ ግቢ ደረስን። አስቀድመን መልእክት ልከን ስለነበር ስድስት ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰይዶ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ሙዝደሊፋም አለ፤ አየኝ፤ ሰላም አላለኝም። ጋሽ ሀብተወልድ የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አውጥተው ቆሙ። ስንት ወር አንቀው የያዙት ያ ድምፅ ወጣ። ሙዝደሊፋ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ማረቆኛ ይመልሳል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሰይዶ ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ። የኔም ልብ ሞላ። ተርፈናል ብዬ አሰብኩ።

«ከድንበሩ ግራር በስተ ምሥራቅ እስከ ገደሉ ያለውን ይዞታዬን...»

ሙዝደሊፋ መተርጎሙን አቆመ።

«ጋሼ፣ ድገሙት።»

ደገሙት።

«ምሥራቅ አይደለም» አለ ሙዝደሊፋ። «በስተ ምዕራብ ነው። ምሥራቁ ዱሮም የጀማሉ ነው፤ እሱን ማንም አልጠየቀም።»

አንድ ሽማግሌ በማረቆኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሌላው ተቀበላቸው፣ ሁሉም በእጃቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቆሙ። መተርጎም አላስፈለገኝም። ጋሽ ሀብተወልድ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሸጡ የተባሉት ሰው አልሸጡም፤ ተሳስተዋል። ጎዶሎ አማርኛ ለብቻቸው ሰምተው፣ ለብቻቸው ጽፈው፣ ለብቻው አንብበውለት። እንዲህ ያለው ስህተት በረንዳው ላይ በቀን ሦስቴ ይገጥማቸው ነበር፤ ዕድሜው አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር።

«ሰይዶ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «አንብቤ "ልክ ነው ወይ?" አላልኩህም?»

«ብለሃል» አለ ሰይዶ በሙዝደሊፋ አስተርጓሚነት። «እኔም "ልክ ነው" ብያለሁ። አልገባኝም ነበር። እግሬ ጭቃ ነው፣ ወለሉ ነጭ ነው፣ ሰው የለም። "አልገባኝም" ማለት አፈርኩ።»

ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ ተነሥቼ። «ሙዝደሊፋን በር ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የቢሮው ነው፣ የክፍሉ ነው...»

ሙዝደሊፋ ተረጎመላቸው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት በአማርኛ ጠየቁኝ፤ መዘበታቸው አልነበረም፣ ከልባቸው ነው።

«ልጄ፣ ክፍል ሰው ይበድላል እንዴ?»

ተቀመጥኩ።

«አሁን ይስተካከል እንግዲህ» አለ ሙዝደሊፋ። «ስህተት ነው፣ ዳኛው ይረዳል። ይግባኝ የሚባል ነገር አለ አይደል?»

ጋሽ ሀብተወልድ ወረቀቱን በአራት አጠፉት። አጠፉትና እንደገና ዘረጉት፤ ቀኑን አዩት። የሚያዩት እንደሌለ አውቅ ነበር፤ እሳቸው ቀን የሚረሱ ሰው አይደሉም።

«ስድሳ ቀን ነበረ» አሉ። «ካለፈ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው።»

በመጀመሪያው ሳምንት «ቆሼ እንሂድ» ሲሉኝ እሺ ብል ኖሮ ሃምሳ ምናምን ቀን ይቀረው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ሀብተወልድም አልተናገሩም፤ ወደኔም አላዩም። ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጀማሉን እንለምነው፣ ምናልባት ለፈጣሪ ብሎ ይተወው ይሆናል ተባባሉ። ሰይዶ አልተቃወመም፤ እንደማይሆን ባወቀ ሰው አነጋገር ነው የተናገረው። ጀማሉ ፍርድ ይዟል፣ በርበሬውንም ተክሎበታል አላቸው። ከዚያ እንግዳ ነንና ሊሸኘን ተነሣ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሮን መንገድ ዳር ቆመ። ብዙ ቆየን። ጋሽ ሀብተወልድ መሬት መሬት ያያሉ።

«ጋሼ» አላቸው ሰይዶ በዚያ በገበያ አማርኛው። «ሌባ ብዬ ስምህን አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ። ሌባ አይደለህም።»

ጋሽ ሀብተወልድ ቀና አሉ። ለዚህች ቃል ነበር የመጡት።

«ግን ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ሰይዶ። «ሌባ ይረገማል፣ ሌባ ይከሰሳል። አሁን በማን ልቆጣ?»

ጋሽ ሀብተወልድ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ረዳቱ «ቡታጅራ፣ ቡታጅራ፣ ሁለት ሰው!» እያለ ተጣራ። ክንዳቸውን ደግፌ አሳፈርኳቸው፤ ሰይዶም በሩን ከውጭ ዘጋልን።